የዶሪያን ግሬይ ሥዕል በመድረክ ላይ፦ 20 ምዕራፍ ወደ 50 ደቂቃ ሲወርድ ምኑ ይቅር?

ቦርከና ዳር

ሰላም ያ ጀመዓ። ደሴ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የንባብና የድራማ ክበብ አለን። ለዓመቱ መዝጊያ የኦስካር ዋይልድን «የዶሪያን ግሬይ ሥዕል» በአማርኛ ተውኔት አድርገን ልናሳይ አስበናል። ታሪኩ ዶሪያን የተባለ መልከ መልካም ወጣት ሳያረጅ ሲቀር፣ በእሱ ፈንታ ሥዕሉ እያረጀና እየከፋ ስለ መሄዱ ነው። አዳራሹ የሚሰጠን ለ1 ሰዓት ብቻ ስለሆነ ተውኔቱ ከ50 ደቂቃ መብለጥ የለበትም። 9 ተዋንያን፣ ሁለት ፓውዛና አንድ ክራር መቺ አሉን። በሳምንቱ ኮምቦልቻ ወርደን እንደግመዋለን።

የተቸገርነው እዚህ ላይ ነው። ከኢንተርኔት ያወረድናቸው ሁለት ቅጂዎች አይገጥሙም፤ አንዱ 13 ምዕራፍ ነው፣ ሌላው 20። ሥዕሉ እየተበላሸ መሄዱን ለተመልካች በምን እናሳይ? ሥዕል የሚችል ልጅ አምስት ሸራ ልሳልላችሁ ብሎናል። ደግሞ ግማሾቻችን ታሪኩን ደሴ እናምጣው፣ ሥዕሉም በስልክ ፎቶ ይተካ እያልን ነው። የምታውቁ አንድ በሉን።

ጦሳ ሥር

ከቅጂው ልጀምር፤ እሱ ካልጠራ ሌላው ሁሉ ይበላሻል።

ሁለቱም ትክክለኛ ናቸው። ልቦለዱ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1890 በሊፒንኮትስ መጽሔት ላይ ነው፣ በ13 ምዕራፍ። የለንደን ጋዜጦች ነውረኛ ነው ብለው ዘመቱበት፤ ደብልዩ ኤች ስሚዝ የተባለው አከፋፋይም ያንን እትም ከባቡር ጣቢያ ሱቆቹ አነሳው። ዋይልድ በ1891 በመጽሐፍ መልክ ሲያወጣው አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አለዘበ፣ መቅድም ጨመረ፣ ምዕራፉንም 20 አደረሰ። አዲስ የገቡት 3ኛው፣ 5ኛውና ከ15ኛ እስከ 18ኛ ያሉት ናቸው። የድሮው 13ኛ ምዕራፍ ለሁለት ተከፍሎ 19ኛና 20ኛ ሆኗል።

ምረጡ እንጂ አትደባልቁ። በ1890ው ቅጂ ሥዕሉን የሣለው ባዚል በዶሪያን እጅ የሚገደለው፣ ዶሪያን 32 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው ነው፤ በ1891ዱ ግን 38 ሊሞላው ሲል። ዶሪያን አጭቶ የተዋት ተዋናይት የሲቢል ወንድም ጄምስ ቬን በመጀመሪያው ቅጂ ጭራሽ የለም። ዕድሜውን ከአንዱ፣ ጄምስን ከሌላው ከወሰዳችሁ፣ ጄምስ እህቴ ከሞተች 18 ዓመት ሆናት ሲል ሂሳቡ አይመጣም። ሃያ ዓመት ገደማ የነበረ ልጅ ላይ 18 ስትደምሩ 38 እንጂ 32 አይሆንም። ይህን የሚቆጥር ተማሪ ከፊት ወንበር አይጠፋም።

ለ50 ደቂቃ እኔ የ13ቱን አጽም እመርጣለሁ። ክፍፍሉም እንዲህ ቢሆን፦ የባዚል ስቱዲዮ፣ ምዕራፍ 1 እና 2 ተጠቃለው፣ 14 ደቂቃ። የሲቢል ቲያትርና መለያየቱ 10 ደቂቃ። ሥዕሉ መጀመሪያ ሲለወጥና የሞቷ ዜና ሲመጣ 8። ባዚል ከዓመታት በኋላ መጥቶ ሥዕሉን የሚያይበትና የሚገደልበት 10። መጨረሻው 5። ለትዕይንት ቅያሪ 3 ደቂቃ ይተርፋችኋል።

አሁን ስለ 14ቱ ደቂቃ። ይህን ልቦለድ የሚያሳጥር ሰው በመጀመሪያ መቀስ የሚያነሳው በባዚል ወዳጅ በሎርድ ሄንሪ ንግግር ላይ ነው፤ «ወሬ በዛ» ብሎ። ተውኔቱ የሚሞተው እዚያው ነው። ምዕራፍ 2 ላይ ሄንሪ አትክልት ቦታው ውስጥ ለዶሪያን ወጣትነት ዓለም ላይ ያለ ብቸኛ ሀብት እንደሆነ፣ እሱም ብዙ ሳይቆይ እንደሚያልቅ ይነግረዋል። ልጁ እስከዚያች ሰዓት ስለ መልኩ አስቦ አያውቅም። ይህ ንግግር ከተቆረጠ ምኞቱ ከሰማይ ዱብ ያለ መተት ይመስላል። መጽሐፉ ውስጥ ግን ጠንቋይ የለም፣ ሰይጣን የለም፣ ውል የለም። እኔ ወጣት ሆኜ ልቅር፣ ሥዕሉ ያርጅልኝ፣ ለዚህ ነፍሴን እሰጣለሁ አለ፤ ሆነ። እንዴት እንደሆነ ዋይልድ አያብራራም፤ እናንተም ነጎድጓድና ጭስ አትጨምሩበት።

ሄንሪን ለሚጫወተው ልጅ ክፉ ሁን አትበሉት። ሄንሪ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከማውራት ሌላ አንድም ጥፋት ሲሠራ አናይም፤ ጨዋታ አዋቂ ነው፣ ያስቃል። ተመልካች በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ከጠላው፣ የሚሰማው ዶሪያን ሞኝ ሆኖ ይቀራል። ከክበቡ ልጆች በጣም የሚወደደውን ስጡት።

ምዕራፍ 11 ዓመታቱ የሚያልፉበት ነው፤ ሽቶ፣ የሙዚቃ መሣሪያ፣ የከበሩ ድንጋዮች፣ ጥልፍ፣ የቤተ ክርስቲያን አልባሳት እያለ ይዘረዝራል። ለመድረክ አይሆንም። በ40 ሰከንድ ጨርሱት፦ ሌሎቹ ተዋንያን በመድረኩ ሲያልፉ ሽበት፣ ከዘራና መነጽር ይጨምሩ፣ ዶሪያን መሐል ላይ እንዳለ ይቁም።

ደሴ ስለማምጣት፦ አታምጡት። ታሪኩ የቆመው በወረሰው ሀብት፣ ማንም በማይጠይቀው ኑሮና ከላይኛው ፎቅ በተቆለፈች ክፍል ላይ ነው። እስቲ ሰኞ ገበያ አጠገብ 18 ዓመት ፊቱ ያልተለወጠ ሰው ይኑርና ጎረቤት ዝም ይበለው! ስልኩ ደግሞ የባሰ ነው። በስልክ የተነሳ ፎቶ መልኩ ሲለወጥ ሁሉም ፊልተር ነው ብሎ ይስቃል፤ ፎቶ ይባዛል፣ ይጠፋል፣ ይላካል። ሥዕሉ አንድ ብቻ ካልሆነ መደበቁ ትርጉም የለውም።

አራዳ መድረክ

ጦሳ የጻፈው ላይ የምጨምረው ስለ ሥዕሉ ነው። አምስት ሸራ አታሠሩ። ምዕራፍ 7 ላይ የመጀመሪያው ለውጥ ከንፈር አካባቢ የታየች የጭካኔ ምልክት ብቻ ናት፤ 10 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው አያያትም። የመጨረሻው አስቀያሚ ሸራ ደግሞ ሲገለጥ አዳራሹን ያስቃል እንጂ አያስፈራም።

ሥዕሉን ጀርባውን ለተመልካች ሰጥታችሁ አቁሙት። ተመልካች የሚያየው ሥዕሉን የሚያየውን ሰው ፊት ነው። ሥራው ይህ ነው፦

ከሞራሌ 2 ሜትር በ1 ሜትር ፍሬም አሠሩ፤ መጽሐፉም ሥዕሉ ሙሉ ቁመና ነው ይላል። ጀርባው በጥቁር ጨርቅ ይሸፈን። ፊት ለፊት አታቁሙት፤ ትንሽ ወደ ጎን ስትጠመዝዙት የፍሬሙ ጠርዝም የተዋናዩ ፊትም ይታያል። በፍሬሙ ውስጠኛ ጠርዝ ዙሪያውን 12 ቮልት የሚሠራ የኤልኢዲ ጥቅል መብራት ለጥፉ፤ ዙሪያው 6 ሜትር ይፈጃል። ሁለት ዓይነት ግዙ፣ አንዱ ቢጫ የሚያደላ፣ ሌላው ቀዝቃዛ ነጭ። ስቱዲዮው ውስጥ ቢጫው በሙሉ ይብራ። ዶሪያን ሲቢልን ጥሎ ሲመለስ አንድ ጎኑን አጥፉ፤ የተዋናዩ ግማሽ ፊት ይጨልማል። ከግድያው ጀምሮ የታችኛው ነጭ ብቻ። ከታች የሚመጣ ብርሃን ዓይንን ጉድጓድ፣ ጉንጭን አጥንት ያደርገዋል፤ ሜካፕ አያስፈልግም።

በሜትር 4.8 ዋት የሚወስደው ዓይነት ከሆነ 6 ሜትሩ 29 ዋት ገደማ ነው፣ ማለትም 2.4 አምፔር። የ7 አምፔር ሰዓት የዩፒኤስ ባትሪ በደንብ ከተሞላ ለ50 ደቂቃ አያሳፍርም። ከግድግዳ ሶኬት ይልቅ በባትሪ አድርጉት ያልኩበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ መብራት ቢሄድ ፓውዛው ይጠፋል እንጂ ሥዕሉ አይጠፋም፣ ትዕይንቱም ይቀጥላል።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች፦ ጥቅሉ ከፍሬሙ ጠርዝ 5 ሴንቲ ወደ ውስጥ ካልገባ ብርሃኑ ተመልካች ዓይን ውስጥ ይገባል። ተዋናዩ ከ60 ሴንቲ ከራቀ ፊቱ አይበራም፤ ወለሉ ላይ ቴፕ ለጥፉለት። ፓውዛው በዚያ ሰዓት ከበራ ኤልኢዲው ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ ፓውዛውን ወደ ኮርኒስ አዙሩት ወይም አጥፉት። ርካሽ ዲመር (ብርሃን ማደብዘዣ) መብራቱን ያንቀጠቅጠዋል፤ ጥቅሉን በአራት ቆርጣችሁ ለየብቻ ማብሪያ ብታደርጉ ይሻላል። ከሁሉ በላይ አዳራሹ መስኮት ካለው ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት አትጀምሩ።

መሸፈኛው በመጽሐፉ በወርቅ የተጠለፈ ወይን ጠጅ ሳቲን ነው። ርካሹም ይበቃል፣ ዋናው በአንድ መጎተት መውደቁ ነው። አትሰሩት፣ አትቸንክሩት፤ ከላይኛው ጠርዝ አንድ ስንዝር ብቻ ወደ ኋላ ደርባችሁ ተዉት።

ሐረጎ ቁልቁለት

በጄምስ ቬን ጉዳይ ከጦሳ ጋር አልስማማም። ጄምስን ካወጣችሁት ዶሪያን አለማርጀቱ ወሬ ብቻ ይሆናል። ምዕራፍ 16ን ተመልከቱት። ጄምስ ሽጉጥ ደቅኖበት ሊገድለው ነው፤ ዶሪያን እህትህ ከሞተች ስንት ዓመት ሆናት ይለዋል፤ 18 ሲለው፣ እስቲ መብራቱ ሥር ውሰደኝና ፊቴን እይ ይለዋል። ያየው ፊት የሃያ ዓመት ልጅ ፊት ነው፣ ይለቀዋል። ወዲያው አንዲት ሴት መጥታ ይህ ሰው ያበላሸኝ 18 ዓመት ሊሞላው ነው ትለዋለች። ንጹሕ ፊቱ ራሱ መሸሸጊያው መሆኑ ከዚህ በላይ የሚታይበት ቦታ የለም። ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ኋላ በአደን ላይ በስሕተት በጥይት መሞቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስነግሩ። ያኔ ግን የ1891ዱን ቅጂ ያዙ፣ ዕድሜውም 38 ይሁን። ሦስቱን ደቂቃ ከስቱዲዮው ቀንሱ።

ስለ ኮምቦልቻው፦ 2 ሜትር ፍሬም ሚኒባስ ውስጥ አይገባም፤ ፖርቶመጋላ ላይ ከተጫነ ደግሞ የሐረጎ ጭጋግና ንፋስ ጨርቁን ያረጥበዋል። ማዕዘኖቹን አትቸንክሩ፣ በብሎን እሰሩ። በአራት ብሎን ተፈትቶ አራት እንጨት ይሆናል፤ የኤልኢዲው ገመድም ማዕዘኑ ላይ ሶኬት ይኑረው። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል ይሞቃል። ደሴ ላይ የቆየ የፊት ዱቄት እዚያ በላብ ይወርዳል፤ ሽበቱን በዱቄት ሳይሆን በዊግ ወይም በባርኔጣ ጨርሱት።

ጦሳ ሥር

ሐረጎ ስለ ጄምስ ያለው ገብቶኛል፣ ልክ ነው። ከስቱዲዮው ግን አንዲት ደቂቃ አልሰጥም! አንዷን ከቅያሪው፣ ሁለቱን ከዜናው ትዕይንት ውሰዱ። አላን ካምቤል አስከሬኑን የሚያጠፋበትን ምዕራፍ 14ን ደግሞ ፈጽሞ አትንኩት፤ ከባዚል ሞት በኋላ «አንድ የኬሚስትሪ አዋቂ ጓደኛዬ ረዳኝ» ማለት ይበቃል።

ስትጽፉ አንድ ነገር ቀድማችሁ ወስኑ። ዶሪያን ሄንሪንና ባዚልን መጀመሪያ «እርስዎ» ይበላቸው፤ ይበልጡታል፣ ገና መተዋወቁ ነው። ሄንሪን «አንተ» የሚለው ከሲቢል ትዕይንት በፊት፣ ባዚልን ደግሞ ከሞቷ ማግሥት ይሁን። ሳትወስኑ ከጻፋችሁ በአንድ ገጽ ውስጥ ሁለቱም ይደባለቁና ተዋንያኑ ይሳሳታሉ።

ቦርከና ዳር

አላህ ይስጥልን። ደሴ ማምጣቱን ትተነዋል፣ ጄምስም ገብቷል። አሁን የቀረን የሲቢል ነገር ነው። ልምምድ ላይ ሲቢል ትወናዋን ሆን ብላ የምታበላሽበት ቦታ ሲደርስ ልጆቹ ተጫዋቿን አትችልም ብለው ሳቁባት። ሲቢል መድረክ ላይ ለምትጫወታት ለሼክስፒር ዡልየት ቃል የከበደ ሚካኤልን ትርጉም መጠቀም ይቻላል? ሞቷንስ? አስተዳደሩ ራስን ማጥፋት መድረክ ላይ እንዳናይ ብሏል።

ሰኞ ገበያ

ከመብቱ እንጀምር። ዋይልድ ኅዳር 30 ቀን 1900 እ.ኤ.አ. ስለሞተ ልቦለዱ ነጻ ነው፤ ሼክስፒርም እንዲሁ። ከበደ ሚካኤል ግን ያረፉት በ1991 ዓ.ም. ነው። በእኛ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱ ደራሲው ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፤ ትርጉምም ራሱን የቻለ መብት አለው። ስለዚህ ወይ ከወራሾቻቸው ፈቃድ፣ ወይ ደግሞ 12 መስመር ከእንግሊዝኛው ራሳችሁ መልሱ። 12 መስመር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

የሳቁባት ልጆች አላጠፉም፤ ጥፋቱ የድርሰቱ ነው። በመጽሐፉ የሲቢልን ችሎታ የምናውቀው ምዕራፍ 4 ላይ ዶሪያን ስላወራልን እንጂ ስላየነው አይደለም። አንባቢ ያምነዋል፤ ተመልካች አያምንም። ስለዚህ ያንኑ 12 መስመር ሁለት ጊዜ አስጫውቷት። አንዴ በሙሉ ኃይሏ፣ ዶሪያን ጥግ ላይ ቆሞ ሲያይ። ኋላ፣ ከታጩ በኋላ፣ ባዚልና ሄንሪ አብረውት ተቀምጠው ሳለ፣ ያንኑ ቃል ትገድለዋለች። ድምፅዋን አታበላሽ፤ ዋይልድም ድምፅዋ ያው ውብ ነበር፣ ቃናው ግን ሐሰት ሆነ ነው የሚለው። ቃሉን ሁሉ ከመጠን በላይ ታጥብቅ፣ የእጅ እንቅስቃሴዋ ከቃሉ በኋላ ይምጣ፣ ሮሜዎን ሳይሆን ዶሪያንን ትይ። ከተመልካች መሐል ሁለት የክበብ ልጆች በመሐል ተነስተው ይውጡ፤ በመጽሐፉም ግማሹ ተመልካች ይወጣል። ለምን እንዳበላሸችው ራሷ ትናገራለች፦ እውነተኛ ፍቅር ስላወቀች የመድረኩ ፍቅር ውሸት ሆነባት። ይህን ስትናገር ደስተኛ ትሁን። ከወዲሁ ካለቀሰች የዶሪያን ጭካኔ ሥራ ያጣል።

ሞቷን በተመለከተ አስተዳደራችሁ የጠየቀው ከመጽሐፉ ጋር ይገጥማል፤ ዋይልድም አያሳየንም፣ ሄንሪ መጥቶ ነው የሚናገረው። ስለ መንገዱ አንድም ቃል አይነገር፣ ዕቃም አይታይ። የሚያስፈራው ሄንሪ ሞቷን እንደ ቆንጆ የተውኔት መዝጊያ አሳምሮ ማውራቱ ነው፤ ተማሪ ተመልካች ያንን አምኖ እንዳይወጣ ባዚልን ወዲያው አስገቡት። ምዕራፍ 9 ላይ ባዚል ዶሪያን በዚያው ምሽት ኦፔራ መሄዱን ሲሰማ ይደነግጣል። በሁለቱ መሐል ቅያሪም ሙዚቃም አይግባ። ከትዕይንቱ በፊት ለትምህርት ቤቱ አማካሪ መምህር መንገሩም ተገቢ ነው።

የቲያትሩን ባለቤት ሚስተር አይዛክስን ግን አውጡት። ዋይልድ በጊዜው በነበረው የአይሁድ ጥላቻ የሳለው ሰው ነው፤ ያለ እሱ ታሪኩ አንዲት ነገር አይጎድልበትም።

ክራሩን በተመለከተ፦ ስቱዲዮው ውስጥ አንድ አጭር ዜማ በሙሉ ትዝታ ምቱ። ከግድያው በኋላ ያንኑ ዜማ በግማሽ ትዝታ። ከአምስቱ ድምፆች 3ኛውና 5ኛው በግማሽ ቃና ዝቅ ይላሉ፣ ሌላው አይነካም። ቅኝት መለወጫ ጊዜ ከሌለ ሁለት ክራር አስቀድሞ መቃኘት ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ይህንን ለይቶ የማይሰማ ጆሮ የለም።

አራዳ መድረክ

የመጨረሻውን 5 ደቂቃ ሳልናገር እንዳልቀር። ዶሪያን ባዚልን በገደለበት ቢላዋ ሥዕሉን ይወጋል፤ ጩኸት ይሰማል፤ አሽከሮቹ ሲገቡ ሥዕሉ እንደ ድሮው ውብ ሆኖ፣ ወለሉ ላይ የተጨማደደ ሽማግሌ ሬሳ ተጋድሞ ያገኛሉ። ማንነቱን የሚለዩት በቀለበቶቹ ነው። ስለዚህ ቀለበቶቹ ከሁለተኛው ትዕይንት ጀምሮ ጣቱ ላይ ይኑሩ፤ ትልልቅ ይሁኑ፤ ሄንሪ አንዴ በቀልድ ያንሳቸው። ሳይዘሩ ማጨድ የለም። ቢላዋው ካርቶን ላይ የብር ወረቀት ተለጥፎ ይሠራ፤ እውነተኛ ቢላዋ ለልምምድም ቢሆን መድረክ ላይ አይውጣ።

ሬሳው ሌላ ተዋናይ ነው፣ በዚያው ዓይነት ኮት፣ ጀርባውን ለተመልካች ሰጥቶ አንድ እጁን ዘርግቶ። እጁን ለማስረጀት ስስ የጨርቅ ጓንት ላይ ነጠላ ሶፍት በቀጭን የዱቄት ሙጫ እየለጠፋችሁ ሲደርቅ አጨማድዱት። ቀለበቱ በጓንቱ ላይ ስለሚገባ አስቀድማችሁ ለኩት፤ ያንኑ ቀለበት ከጣት ወደ ጣት ለማዘዋወር ጊዜ አይኖራችሁም፣ ጥንድ ግዙ።

ሥዕሉ ውብ ሆኖ መመለሱን ለማሳየት የጀርባውን ጥቁር ጨርቅ አውልቃችሁ ፍሬሙን አዙሩትና ሳሳ ያለ ነጠላ ወጥሩበት። ብርሃን ከፊት በሰያፍ ሲያርፍበት ነጭ ግድግዳ ይመስላል፤ የፊቱ ጠፍቶ ከኋላ የቆመ ሰው ሲበራ ጨርቁ ይጠፋና ሰውየው ይታያል። ዶሪያንን የሚጫወተው ልጅ በመጀመሪያው ትዕይንት አቋሙ ከነጠላው 1 ሜትር ወደ ኋላ ይቁም፤ ከጀርባው ጥቁር ጨርቅ ይኑር፤ መብራቱ እሱን እንጂ ነጠላውን እንዳይነካ ከጎን ይምጣ። ነጠላው መስኮት ላይ ሲያዝ ከጀርባው የእጅ ጣት ካላሳየ ወፍራም ነው፣ ለዚህ አይሆንም።

ይህን ሁሉ የምትቀያይሩት በጨለማ ነው። ከጩኸቱ እስከ አሽከሮቹ መግባት 12 ሰከንድ ጨለማ ስጡ፣ በበር መደብደብ ድምፅ ሙሉት። ፍሬሙን ለማዞር ሁለት ሰው፣ ሬሳውን ለማስገባት ራሱ ሬሳው፣ ነጠላውን ለመወጠር አራት ቆንጣጫ። ከ12 በታች ካወረዳችሁት ፍሬሙ ሲዞር ይታያል፤ ከ15 ካለፈ ተማሪ ስልኩን ያበራል።